ለክሊኒካል ሮቴሽን ቦታ ስመርጥ ያየሁት

የሕክምና ተማሪ ነኝ። ወደ ክሊኒካል ዓመት፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ ከክፍል ወደ ክፍል እየተዘዋወርን (ሮቴሽን) ወደምንማርበት ዓመት፣ ልንገባ ስንል የባቹ ወሬ በሙሉ አንድ ሆነ፤ ማን የት ይደርሰዋል? ቅጹ ሲታይ ቀላል ነው። የሆስፒታሎቹ ስም ተደርድሯል። አጠገቡ እንደ ምርጫችሁ ቁጥር ታስገባላችሁ፣ ትልካላችሁ፣ በቃ። አብዛኛው ተማሪ የሚሞላው በስም ነው። ስመ ጥሩውን አንደኛ፣ ቀጥሎ የሚታወቀውን ሁለተኛ እያለ ይወርዳል። እኔ ቅጹን ከመንካቴ በፊት ምደባውን የሚሠሩት አስተባባሪ ዘንድ ሄጄ «የሞላነውን ይዛችሁ እንዴት ነው የምትመድቡን?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ይሄን የሚጠይቅ ብዙ አይመጣም መሰለኝ። ግን ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። መጀመሪያ የሁሉም ሰው አንደኛ ምርጫ ይታያል። ፈላጊው ከቦታው ከበለጠ እጣ ይወጣል። እጣው ያልወጣለት ወደ ሁለተኛ ምርጫው ይሄዳል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ያ ሁለተኛ ምርጫ፣ አንደኛ ብለው በሞሉት ሰዎች አስቀድሞ ተይዟል። ስለዚህ ሁለት የሚሻሙባቸውን ሆስፒታሎች አንደኛና ሁለተኛ አድርጎ የሞላ ሰው፣ አንደኛው ካመለጠው ሁለተኛውም አብሮ ያመልጠዋል ማለት ይቻላል። አራተኛ ላይ ሲወድቅ «አድልዎ ነው» ይላል። አድልዎ አይደለም፤ አሠራሩ ነው።

ሁሉም ትምህርት ቤት እንዲህ አይሠራም። አንዳንዱ ጋ ለተማሪው የተራ ቁጥር በእጣ ይወጣለታል፤ ተራው ሲደርስ ከተረፉት ቦታዎች ውስጥ የበለጠ የሚፈልገውን ይወስዳል። እንዲህ ከሆነ ብልጣ ብልጥነት አይጠቅምም፤ የልባችሁን በቅደም ተከተል መጻፍ ነው። ሌላው ጋ ደግሞ ኮምፒውተር የባቹን ምርጫ በሙሉ አንድ ላይ ወስዶ፣ ብዙ ሰው ከፍ ያለ ምርጫውን እንዲያገኝ አድርጎ ይደለድላል። ነገሩ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 ዴቪድ ጌል እና ሎይድ ሻፕሌይ ሁለት ወገኖችን እንደየምርጫቸው የማጣመር ዘዴ አሳተሙ። ሻፕሌይ ከአልቪን ሮዝ ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኘው በዚሁ መስክ ነው። ሮዝ ከሠራባቸው ጉዳዮች አንዱ ደግሞ የአሜሪካ ሐኪሞች ወደ ሬዚደንሲ (የስፔሻላይዜሽን ሥልጠና) የሚመደቡበት ሥርዓት ነበር። እኛ ግን ቅጹን ካፌ ቁጭ ብለን፣ እየሳቅን እንሞላዋለን።

አሠራሩን ካወቅኩ በኋላ ሲኒየሮችን መጠየቅ ጀመርኩ። «ጥሩ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። ሁሉም የራሱን ቦታ ያወድሳል ወይ ያማርራል። የጠየቅኩት፣ አንድ ታካሚ ለስንት ተማሪ ይደርሳል? ራውንድ ላይ፣ ታካሚዎቹ እየተዞሩ ሲታዩ፣ የሚያስተምረው ማን ነው፤ ሲኒየር ሐኪሙ ወይስ የደከመው ሬዚደንት? ሎግቡክ (የሠራነውን የምንመዘግብበት ደብተር) ላይ የሚፈርመው ሰው በቀላሉ ይገኛል?

የማዋለጃ ክፍሉ መልስ አይረሳኝም። ትልቁ ሆስፒታል ምጥ የያዛት እናት አልጋ ዙሪያ ሬዚደንቱ አለ፣ ኢንተርኑ አለ፣ የሚድዋይፈሪ ተማሪዎች አሉ። የሕክምና ተማሪው ከሁሉም ኋላ በእግር ጣቱ ቆሞ፣ በሰው ትከሻ ላይ አጮልቆ ያያል። ወሩ ሲያልቅ ያየው ብዙ፣ በእጁ የነካው ጥቂት ነው። መካከለኛው ሆስፒታል ግን ሲስተሯ ራሷ «ጓንት አድርግና ና» ትላለች። እጇን እጅህ ላይ አድርጋ የሕፃኑን ጭንቅላት እንዴት ደግፈህ እንደምትይዝ ታሳይሃለች።

ይሄ ማለት ግን ትንሽ ሁልጊዜ ይሻላል ማለት አይደለም። ከበድ ያለ ኬዝ እዚያ አያድርም፤ ሪፈር ይጻፍለትና ይሄዳል። ሴሚናር ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ከፋፈልኩት። እጅ የሚፈልጉትን፣ የማህፀንና ጽንስን እና ሰርጀሪን (ቀዶ ሕክምናን)፣ መካከለኛ ሆስፒታል አንደኛ አድርጌ ሞላሁ። የትርፍ አንጀትና የሄርኒያ ቀዶ ሕክምና ላይ ስክራብ ሆኖ (ታጥቦና ለብሶ ገብቶ) ሪትራክተር፣ ማለትም የተቀደደውን ከፍቶ የሚይዘውን መሣሪያ፣ መያዝ የሚደርሰው ለተማሪ የሆነው እንደዚህ ዓይነት ቦታ ነው። ለውስጥ ደዌና ለሕፃናት ግን የታካሚው ዓይነት ብዛት ይበልጥብኝ ስለነበር ትልቁን ጻፍኩ። ሁለተኛ ላይ ሆን ብዬ ብዙ ሰው የማይሻማበትን አስገባሁ።

ማህፀንና ጽንስ እንደፈለግኩት ወጣልኝ። ውስጥ ደዌ ላይ ትልቁ አመለጠኝ፤ ያ ማንም የማይሻማበት ቦታ ደረሰኝ። እዚያ የነበሩት ሲኒየር ሐኪም ግን ማስተማር ይወዳሉ። ስፕሊን (ጣፊያ) እንድዳስስ ሲያዙኝ ሆዱን እየገፋሁ ወደ ላይ ወጣሁ። እጄን ያዝ አደረጉና «ከቀኝ ከታች ጀምር። አትግፋ። ጣትህን አስቀምጥና በደንብ እንዲተነፍስ ንገረው፤ አየር ሲስብ እሱ ራሱ ይመጣልሃል» አሉኝ። መጣ። ታካሚውን በቀኝ ጎኑ አስተኝተው ደግሞ አስደገሙኝ። ትልቁ ሆስፒታል የደረሳቸው ጓደኞቼ በዚያ ሰዓት ራውንዱን ከኋላ እየተከተሉ ነበር።

ስለ ቅደም ተከተሉም አንድ ነገር ልበል። ውስጥ ደዌን ቀድሞ መውሰድ ይጠቅማል። ሰርጀሪ ዋርድ የተኛው ሰው ስኳርና ደም ግፊቱን ይዞ ነው የሚመጣው። ስፔሻላይዝ ልታደርጉበት የምታስቡትን ግን የመጀመሪያ አታድርጉት፤ ኬዝ ማቅረብ ገና ስትለማመዱ ነው የሚያገኛችሁ። መጨረሻም አታድርጉት። መሃል ላይ ይሁን።

ርቀትንም በቀን አትለኩት። ሌሊቱን ዲውቲ አድራችሁ ጠዋት ወደ ቤት የምትመለሱበትን መንገድ አስቡ። እንቅልፍ ይዟችሁ ነው የምትመለሱት። ልጅ ያላት ወይም ሕመም ያለባት የባች ጓደኛ ካለች ደግሞ ማስረጃዋን ከምደባው በፊት ታስገባ። ዝርዝሩ ከተለጠፈ በኋላ የሚሰማ ጆሮ ይቀንሳል።

ዝርዝሩ እንደወጣ የባቹ ግሩፕ «ማነው የሚቀይረኝ?» በሚል መልእክት ተጥለቀለቀ። መቀያየር ይቻላል፤ ግን ሁለቱም ፈርመው በቀነ ገደቡ ማመልከት አለባቸው። ከኛ አንዱ የሚቀይረው ሰው አግኝቶ፣ ወረቀቱ ሁሉ አልቆ፣ በክትባት ካርድ ቀረ። ተቀባዩ ሆስፒታል የሄፓታይተስ ቢ ሦስቱንም ዶዝ ይጠይቃል። በተለምዶ የሚሰጠው ደግሞ በ0፣ በ1 እና በ6 ወር ነው። በሳምንት ውስጥ የሚሞላ ነገር አይደለም። የቲቢ ምርመራ፣ ባጅ፣ የኮምፒውተር አካውንትም እንደዚሁ ጊዜ ይበላሉ።

ኤሌክቲቭ፣ ማለትም ተማሪው ራሱ የሚመርጠው ሮቴሽን፣ ላይ እጣም የለም፣ አስተባባሪም የለም። ቦታውን ራሳችሁ ፈልጋችሁ፣ ራሳችሁ ጽፋችሁ ነው። የድጋፍ ደብዳቤና የውጤት ማስረጃ ይጠይቃሉ፤ መልሱም ይዘገያል። እኔ አሁን ሰርጀሪ ላይ ሆኜ የኤሌክቲቭ ደብዳቤዎቼን መላክ ጀምሬያለሁ።