መንገድ የሚያስጠይቅ ጌም

ክረምቱን ኤልደር ስክሮልስ ከሚባሉት ተከታታይ የቪዲዮ ጌሞች ሦስተኛውን፣ አራተኛውንና አምስተኛውን በተራ እንደገና ስጫወት ከረምኩ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣውን ሞሮዊንድን፣ የ2006ቱን ኦብሊቪየንን፣ የ2011ዱን ስካይሪምን። የቱ ይበልጣል ለሚለኝ ሰው አሁን መልሴ ቁርጥ ያለ ነው። ሞሮዊንድ ይበልጣል፤ መንገድ ያስጠይቃልና።

በጌሙ ባልሞራ ከተማ ውስጥ ካዩስ ኮሳዴስ የሚባል ሰላይ አለ። እሱ ሃስፋት አንታቦሊስ ወደሚባል ሰው ይልክሃል፤ ሃስፋት ደግሞ አርክንግታንድ ከሚባል ፍርስራሽ ትንሽ የብረት ኪዩብ እንድታመጣለት ይጠይቅሃል። የት ሂድ የሚል ቀስት የለም። ያለህ የሰውየው ቃልና ማስታወሻህ ነው፤ የሙንሞዝን ምሽግ እለፍ፣ የጥንቱን ድልድይ ተሻገር። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት እንደምንፈልገው ማለት ነው፤ ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ፣ ከሰማያዊው በር ቀጥሎ። ፍርስራሹ ደጃፍ ስትደርስም በሩ ዝግ ነው። አጠገቡ ያለውን ቧንቧ አስተውለህ መዘውሩን ስታዞር ነው የሚከፈተው። ይህን ሁሉ ያገኘሁት ሰው ሲናገር አዳምጬ፣ አካባቢውን በዓይኔ አይቼ ነው። ስለዚህ ያ ሸለቆ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አይጠፋም። ትንቢት የተነገረለት ሰው የሚገባበት ዋሻማ ከዚህም ይብሳል፤ ቦታው የሚነገርህ በእንቆቅልሽ ሲሆን በሩም የሚከፈተው ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ብቻ ነው።

ኦብሊቪየን ላይ ሁሉም ሰው በድምፅ ይናገራል፤ ንጉሠ ነገሥቱን ፓትሪክ ስቱዋርት ነው የተጫወተው። ድምፁ ደስ ይላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ቃል በስቱዲዮ መቀዳት ስላለበት ንግግሩ አጠረ፤ አቅጣጫ መንገር ስክሪኑ ላይ መድረሻህን በምልክት የሚያሳየው የኮምፓስ ሥራ ሆነ። ጠላትም ከአንተ ጋር እኩል ሌቭሉ (የኃይል ደረጃው) ስለሚጨምር፣ ዘግየት ብሎ መቶ ሳንቲም ብቻ የሚጠይቅህ የመንገድ ሽፍታ ሀብት የሚያወጣ ጥሩር ለብሶ ታገኘዋለህ። ይህ አሁንም ያናድደኛል። ያም ሆኖ የጨለማው ወንድማማችነት የሚባለው የነፍሰ ገዳዮች ማኅበር ተልዕኮዎች በሦስቱም ጌሞች አቻ የላቸውም። በተለይ ስኪንግራድ ከተማ ያለው ግብዣ! አምስት እንግዶች ካንተ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ተቆልፎባቸዋል፤ ገዳያቸው አንተ አብረሃቸው ተቀምጠህ እነሱ እርስ በርስ ይጠራጠራሉ።

ስካይሪም ከሦስቱ በጣም ቆንጆው ነው። ሪቨርውድ መንደር ላይ ቆመህ ቀና ስትል ብሊክ ፎልስ የሚባለው የጥንት መቃብር ተራራው ላይ ይታይሃል፤ የጄረሚ ሶል ሙዚቃም ከነፋሱ ጋር ይመጣል። ምንም ሳልሠራ በእግሬ ብቻ የምንከራተትበት ጊዜ ብዙ ነው። ችግሩ ዓይኔ ከተራራው ይልቅ ከላይ ካለው ኮምፓስ ላይ መዋሉ ነው። ተልዕኮውን ከዝርዝሩ አጥፍቼ ያለ ምልክት ልሂድ አልኩ፤ አልሆነም። የላከኝ ሰው የዋሻውን ስም እንጂ መንገዱን አልነገረኝም፤ ማስታወሻውም ከዚያ የተሻለ ነገር የለውም። ምልክቱን ማጥፋት ቀላል ነው፤ ያልተጻፈ ንግግር ግን ከየት ይመጣል?

የኤልደር ስክሮልስ ስድስተኛው ጌም እ.ኤ.አ. በ2018 በአጭር ቪዲዮ ታውጇል። እንደ ስካይሪም ዘንዶ ባይኖረው፣ ካርታው ቢያንስ ቅር አይለኝም። የሚልከኝ ሰው ግን ከወንዙ በየት በኩል እንደምታጠፍ ይንገረኝ።