ደሙ ሲቆም ነው ሐኪሙ ይበልጥ የሚፈለገው

ካንሰር ሲባል ሁላችንም ኬሞና ኦፕራሲዮን ነው የሚታየን፣ በጨረር የሚያክሙትን ሐኪሞች ግን፣ በተለይ የማህፀን በር ካንሰር ላይ የሚሰሩትን፣ ብዙ ሰው አያውቃቸውም። እኔ በደንብ ያወቅኳቸው አክስቴን ከኩታበር አዲስ አበባ ይዘናት የሄድን ጊዜ ነው። ዛሬ የምጽፈው ሕክምናውን ሳይጨርሱ ወደ ወሎ ስለሚመለሱት እናቶች ነው ምክንያቱም በጣም ያሳስበኛል።

የማህፀን በር ካንሰር ዙሪያው ከተስፋፋ ዋናው መድኃኒት ጨረር ነው። መጀመሪያ ከውጭ በማሽን ይሰጣል፣ ብዙ ጊዜ 25 ቀን፣ ከሰኞ እስከ አርብ፣ በሳምንት አንዴ ደሞ ሲስፕላቲን የሚባል ኬሞ አለ (አንድ ላይ ሲሰጥ የበለጠ ሕይወት እንደሚያተርፍ የታወቀው እ.ኤ.አ በ1999 ነው)። ከዛ ብራኪቴራፒ ይመጣል፣ ከውስጥ የሚሰጠው ማለት ነው። ዶክተሯ ወረቀት ላይ ማህፀኑን ሳለችልን፣ ከፊቱ የሽንት ፊኛ፣ ከኋላው አንጀት፣ "ከውጭ ብቻ እየጨመርኩ ብሄድ እነዚህን ነው የማቃጥለው" አለችን። ስለዚህ ቀጭን ቱቦ ያስገቡና ጨረር የሚያወጣውን ትንሽዬ ነገር እዛው እጢው ጋ ያደርሱታል፣ ትንሽ ራቅ ሲል ጉልበቱ ቶሎ ስለሚደክም እጢው ይመታል ሌላው ይተርፋል።

ችግሩ ግን እዚህ ጋ ነው። የውጪው ጨረር ገና ሳያልቅ በሽታው ከማህፀን የሚያፈሰው ደም ይቆማል፣ ሽታው ይጠፋል፣ ሰውየዋ ትበላለች ትስቃለች። አክስቴም "አልሐምዱሊላህ ድኛለሁ፣ በልጉም ዘንቧል፣ ወደ አገሬ መልሱኝ" አለች። ዶክተሯ አልተቆጣቻትም፣ እጇን ይዛ "እማዬ፣ ደሙ ቆመ እንጂ ስሩ አልደረቀም፣ ይሄን ሳልጨርስልሽ ብትሄጂ ይመለሳል" አለቻት። የውጪውም የውስጡም ጨረር በ8 ሳምንት ውስጥ ማለቅ አለበት፣ ሲጓተት የመዳን እድሉ ይቀንሳል። ረመዳን ስለነበር ሌላም ጭንቀት ነበር፣ ከጨረሩ በፊት ፊኛዋ እንዲሞላ ውሃ መጠጣት አለባት፣ አንጀቱን ከጨረሩ መንገድ ገፋ ስለሚያደርግ። ለታማሚ ጾሙ በኋላ እንደሚከፈል ሼሁ በስልክ ነግረዋት ነው እሺ ያለችው። ጨረሩ የሚያርፍበትን ለማወቅ ዳሌዋ ላይ የተደረገው ምልክት እንዳይለቅም ፈርታ ስለ ውዱእ ጠየቀች፣ እጅ ፊትና እግር ስለሆነ ምንም አይነካውም ተባለች፣ ፊቷ በራ ወላሂ።

ሐኪሞቹ ምርምሩንም አልተዉትም። እ.ኤ.አ በ2024 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ኢንተርሌስ የሚባል ጥናት ከጨረሩ በፊት የ6 ሳምንት ኬሞ፣ ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሴል፣ ቢሰጥ ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት ያሉት ከ72 ወደ 80 ከመቶ ከፍ እንደሚሉ አሳየ። 500 ሴቶች ናቸው የገቡበት፣ ከእንግሊዝና ጣሊያን ሌላ ሕንድ፣ ሜክሲኮና ብራዚልም አሉበት። ሁለቱም የቆዩ መድኃኒቶች መሆናቸው ለኔ ትልቅ ነገር ነው፣ ለኛ አይነት አገር የሚደረስበት ዜና ይሄ ነው።

አክስቴ ጨርሳ ነው የተመለሰችው። እናንተም እናት ወይ እህት ይዛችሁ ከሄዳችሁ ከመጀመሪያው ቀን "ብራኪው የት ነው የሚሰጠው፣ መቼ ነው ተራችን" ብላችሁ ጠይቁ፣ የቤት ኪራዩንም እስከዛ ድረስ አስሉት፣ ዘመድም ገንዘብ ሲያዋጣ ለመሄጃው ብቻ ሳይሆን ለመቆያው ያዋጣ።