«ውሃ አላስነካሁትም»

ቁስል በሚታጠብበትና በሚታሸግበት ድሬሲንግ ክፍል ከተመደብኩ ሦስተኛ ወሬ ነበር። እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤቶች የሚያስረክቡ አንዲት እናት ግራ ክንዳቸውን በነጠላ ጠቅልለው ገቡ። አብሲት ሲያማስሉ ድስቱ ተገልብጦባቸው ነው። የፈላ ውሃ ቢሆን ወርዶ ያልፋል፤ አብሲት ግን ቆዳ ላይ ተለጥፎ ሙቀቱን እንደያዘ እዚያው ይቀራል። ነጠላውን ሲገልጡት ክንዳቸው ከክርን እስከ አንጓ የጥርስ ሳሙና ተለቅልቋል።

«የቤቱን ሁሉ ጨረስኩት ሲስተር፤ ያቀዘቅዛል ብለውኝ።»

የሚያቀዘቅዘውስ የቧንቧ ውሃ ነበር። እንደተቃጠሉ ወዲያው፣ ቢዘገይ በ3 ሰዓት ውስጥ፣ ለ20 ደቂቃ ያህል ውሃ ቢፈስበት ኖሮ ጉዳቱ ይቀንስ ነበር። እሳቸው የመጡት በማግስቱ ነው። የጥርስ ሳሙናውን አጥቤ ሳነሳው ውሃ የቋጠረው ፈንድቷል፤ ከሥሩ ቀይ፣ እርጥብ፣ ሲነኩት የሚያስጮህ። ማመሙ ደስ አለኝ፤ በጣም የጠለቀ ቃጠሎ ነርቩንም ስለሚገድለው ዝም ይላል። ስፋቱን በራሳቸው መዳፍ ለካሁት። የአንድ ሰው መዳፍ ከነጣቶቹ ከገላው 1 በመቶ ገደማ ነው፤ የሳቸው ቁስል ሁለት መዳፍ አይሞላም። ወደ ሆስፒታል ሪፈር የሚያስብል አልነበረም።

ጤና መኮንኑ እኛ በአጭሩ «ሲልቨር» የምንለውን ክሬም አዘዘላቸው፤ ሲልቨር ሰልፋዲያዚን፣ 1 በመቶ። ብርና ሰልፋ ተዋሕደው የተሠራ ነጭ ቅባት ነው፤ የተቃጠለ ቆዳ ላይ የሚሠፍሩ ባክቴሪያዎችን ይከላከላል። (ዛሬ ቢሆን ለእንዲህ ዓይነቱ ቁስል ቫዝሊን ጎዝ፣ ማለት ቫዝሊን የጠጣ ስስ የቁስል ጨርቅ፣ ይበቃል ብዬ እከራከር ነበር። ሲልቨር ጥልቀት የሌለውን ቃጠሎ ቶሎ እንዳይሽር ያዘገየዋል የሚባል ነገር አለ። ያኔ ግን ቃጠሎ ሲባል የሁላችንም እጅ ወደ ሲልቨር ነበር የሚሄደው።) የሰልፋ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ባክትሪም፣ ወስደው ሽፍ ብሎባቸው ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አያውቅም። ይህንን በመጠየቄ በራሴ ኮርቼ፣ በስሱ ቀብቼ፣ በፋሻ ሸፍኜ ሸኘኋቸው። «በቀን ሁለቴ ይቀቡት፣ ይሸፍኑት፣ በማግስቱ ብቅ ይበሉ» አልኳቸው። በር ላይ ወረፋው ተኮልኩሏል።

በማግስቱ አልመጡም። እንጀራውን ማን ይጋግርላቸዋል? የመጡት በስድስተኛው ቀን ነው።

ፋሻውን ስፈታው ልቤ ድንግጥ አለ። ክንዳቸው ላይ ቢጫ ወደ ግራጫ ያደላ፣ ወፍራም፣ ዝልግልግ ነገር ተጋግሯል። ሽታውም ደስ አይልም። ሮጬ ሄጄ ለጤና መኮንኑ «መግሏል» አልኩት። በፊቱ የሚያለቅስ ሕፃን ስለነበር ቀና ሳይል ክሎክሳሲሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ጻፈልኝ። ወረቀቱን ይዤ ስመለስ ድሬሲንግ ክፍሉ ውስጥ ጋሼን አገኘኋቸው። በዱሮው አጠራር ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ፣ ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ነው የቀራቸው። ክንዱን አጎንብሰው ያዩታል።

«እትዬ፣ ትኩሳት አለዎት?»

«የለኝም።»

«ሌሊት ይጠዘጥዝዎታል?»

«ኧረ እንዲያውም ቀለል ብሎኛል።»

ጋሼ በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ጤነኛ ቆዳ በእጃቸው ጀርባ ነካኩት። አልቀላም፣ አላበጠም፣ አይሞቅም። ከዚያ ወደኔ ዞረው «መግሉ የታለ?» አሉኝ። በጣቴ አሳየኋቸው። መልስ አልሰጡኝም። ጓንት አጠለቁ፣ ሳላይኑን፣ የቁስል ማጠቢያውን የጨው ውሃ፣ ለብ አድርገው ያንቆረቁሩበት ጀመር። አልቸኮሉም። ያ የተጋገረው ነገር ሲርስ እንደ አይብ እየተቆራረሰ ጎዙ ላይ ቀረ፤ አንዱ ሲነሳ ሌላ ንብርብር ከሥሩ ይወጣል። አራት ጎዝ ጨረሱ። በመጨረሻ የታየው ሮዝ፣ ንጹሕ ቆዳ ነው፤ እዚህም እዚያም ከጸጉሩ ሥር አዲስ ቆዳ እንደ ነጠብጣብ ብቅ ብሏል።

ክሬሙ ከቁስሉ ፈሳሽ ጋር ሲቀላቀል መግል የሚመስል ልባስ ይሠራል። ትምህርት ቤት አንብቤዋለሁ፤ ፈተናም ላይ መጥቶልኛል። ክንድ ላይ ሳየው ግን አላወቅሁትም።

«እትዬ፣ ክሬሙን ሲቀቡ የበፊቱን ያጥቡታል?» አሏቸው ጋሼ።

ሴትየዋ በኩራት ቀና አሉ። «ኧረ ውሃ የሚባል አላስነካሁትም! ቁስል ውሃ ከነካው ያመረቅዛል አይደል? በላዩ በላዩ ስቀባ ነው የከረምኩት።»

ጋሼ እኔን አላዩኝም፤ ባያዩኝም ፊቴ ጋለ። «ይቀቡት» አልኩ እንጂ «ይጠቡት» አላልኩማ። የቀደመው ሳይነሳ አዲስ ከተደረበ መድኃኒቱ የሚያርፈው ቁስሉ ላይ ሳይሆን ትናንት በተቀባው ላይ ነው። በየጊዜው በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ፣ በንጹሕ ጨርቅ ደርቆ፣ ከዚያ ሚሊሜትር ተኩል ያህል በስሱ ነው የሚቀባው። ይህንን በእጄ እያሳየሁ አስረዳኋቸው፤ እሳቸውም መልሰው እንዲያሳዩኝ አደረግሁ። የክሎክሳሲሊኑን ወረቀት ለጤና መኮንኑ መለስኩለት፤ ይህን ጊዜ እሱም ተነሥቶ መጥቶ ክንዱን አየ።

ነገሩ እዚህ ያበቃ መስሎኝ ፋሻ እያሰርኩ ክሬሙ ምን ያህል እንደቀረ ጠየቅኳቸው።

«ጥቂት ነው። ለጎረቤቴ ልጅ በሲኒ ቀንሼ ሰጠኋት እኮ። አራስ ናት፤ የልጇ ቂጥ በሽንት ጨርቅ ተቃጥሎ ሲያለቅስ አላስችል ብሎኝ።»

«ልጁ ስንት ጊዜው ነው?»

«ሦስት ሳምንቱ።»

ጋሼ የያዙትን ፎርሴፕስ፣ መቆንጠጫውን፣ አስቀመጡ። ሲልቨር ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን አይቀባም። ሰልፋው በቆዳ በኩል ወደ ደም ገብቶ የአራሱን ቢጫነት ሊያብሰው፣ ከባሰም ቢጫነቱን የሚያመጣው ቢሊሩቢን የሚባለው ነገር ወደ አንጎል እንዲገባ ሊያደርግ ይችላል። ይህንን ለሴትየዋ ማስረዳት አልቻልኩም፤ ቤቱን ብቻ ጠየቅኳቸው። ሰፈሩን የምታውቀውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይዤ፣ ጋዋኔን እንኳ ሳላወልቅ ወጣሁ።

ስንደርስ ሕፃኑ ተኝቷል። አራሷ ደንግጣ ተነሣች። ዓይኑን ገልጬ፣ ግንባሩን በጣቴ ጫን አድርጌ አየሁ፤ ቢጫ አይደለም። ሲኒው ቁም ሳጥን ላይ ተከድኖ ተቀምጧል፤ ስከፍተው ክሬሙ አልተነካም።

«አልቀባሽውም እንዴ?»

አራሷ ወደ ጥግ በአገጯ ጠቆመችኝ። አያትየው ከአልጋው ማዶ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ።

«እኔ ነኝ የከለከልኳት» አሉ ቀና ሳይሉ። «ለትልቅ ሰው ቁስል የታዘዘ ነጭ ነገር አራስ ልጅ ላይ? ለጋ ቅቤ ቀባሁት፣ ተኛ።»

ሦስት ወር ሙሉ ቃጠሎ ላይ ቅቤ አትቀቡ እያልኩ የሰፈሩን እናት ሁሉ ስቆጣ የኖርኩ ሰው ነኝ። «እግዜር ይስጥልኝ እማማ» ብዬ ሲኒውን ይዤ ወጣሁ።