የደላንታን ኦፓል ደሴ ላይ መቁረጥ እንዴት እንደጀመርኩ

ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ እርጥብ እያለ ዋጋ አይቆረጥለትም። ከደላንታ ጥሬ ድንጋይ እየገዛሁ ደሴ ላይ ቆርጬ ነው የምሸጠው፣ ከሥራው የተማርኩትን ልጻፍ ስል ቀድሞ የመጣልኝ ይሄ ነው።

የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ውሃ ውስጥ ብትከተው ያ ሁሉ አረንጓዴና ቀይ ቀለም ቀስ በቀስ ይጠፋና ድንጋዩ እንደ መስታወት ጥርት ይላል። ክብደቱም ይጨምራል። አውጥተህ ስታስቀምጠው ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። በግራም ለሚገዛ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ውሃም አብረህ እየገዛህ ነው። ደግሞ ከመሬት ገና የወጣ ድንጋይ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ አለው፤ የትኛው እንደሚሰነጠቅ እርጥብ እያለ ማንም አያውቅም።

ቦታውን ለማያውቅ፦ ደላንታ ደቡብ ወሎ ውስጥ ነው፣ ከተማው ወገል ጤና። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ያለፉበት አገር ነው። ሕዝቡ ገበሬ ነው፤ ምስር፣ ገብስ፣ ነጭ ሽንኩርት። ኦፓሉ ስሙ የወጣው በ2000 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በፊት የሚታወቀው የሰሜን ሸዋው መዘዞ ነበር፣ የሱ ድንጋይ ግን ብዙው ቡናማ ነው። የደላንታው ነጣ ያለ ሆኖ ቀለሙ ሲጫወት ዓይን ይይዛል። ኋላ ደግሞ ስታይሽ ከሚባለው ቦታ ጥቁሩ ወጣ።

ድንጋዩ ያለው ሜዳው ላይ ሳይሆን ገደሉ ወገብ ላይ ነው። ድሮ እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ ተጋግሮ ንብርብር ሠርቷል፣ ኦፓሉ ከነዚያ ውስጥ አንዷን ቀጭን መስመር ተከትሎ ነው የሚገኘው፣ ውፍረቷ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የሚቆፈረው ወደ ጎን ነው። በድጅኖ፣ በመዶሻ፣ ግንባር ላይ ባትሪ ታስሮ፣ ተንበርክኮ። ድጋፍ እንጨት የሌለው ዋሻ ብዙ ነው። በ2016 ዓ.ም. ወደ 20 የሚጠጉ ሰዎችን ናዳ ዋሻ ውስጥ የዘጋባቸው እዚያው ደላንታ ነው። አንድ ቀለበት ላይ ያለች ጠብታ ድንጋይ ምን ተከፍሎባት እንደወጣች ሳስብ ዋጋ ለማርከስ አፌ አይከፈትም።

እኔ ቀድሞ ፒያሳ ሞባይል ጠጋኝ ነበርኩ። እጄ ጥቃቅን ነገር ለምዷል። መነሻዬ ዕቁብ ነው፣ ዕጣው ሲደርሰኝ አንድ የመቁረጫና የመሞረጃ ማሽን ገዛሁ፣ የንግድ ፈቃዱን ጨረስኩ፣ በተረፈችው ወደ ወገል ጤና ወጣሁ።

እዚያ ገዢው ብዙ ነው። ቆፋሪው ድንጋዩን በምላሱ ያረጥባል፣ ቀለሙ ብልጭ ሲል ያሳይሃል፣ እዚያው ቆመህ ትጨርሳለህ። እኔ ግን ያን ያህል ብር የለኝም፣ የምከስረው ነገር መግዛት አልችልም። አንድ አባት የጋቢያቸውን ጫፍ ፈትተው ሁለት ሦስት ድንጋይ አወጡልኝ።

«አባቴ፣ ዛሬ ዋጋ አልነግርዎትም። መጀመሪያ ይድረቅልኝ» አልኳቸው።

«ምነው ልጄ፣ ድንጋይ አይደለም እንዴ?»

«ነው እንጂ። ደርቆ ከተረፈ ግን ካሰቡት በላይ ሊያወጣልዎት ይችላል።»

ሰው ፊት መዘንነው፣ ቀብድ ሰጠኋቸው፣ ቀሪው ድንጋዩ ደርቆ ሲታይ እንዲሆን ተስማማን። የተሰነጠቀም ካለ ቁርጥራጩን መልሼ አሳያለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

ከሁሉ ይበልጥ የጠቀመኝ ግን ተሠርቶ ያለቀውን ይዤላቸው መመለሴ ነው። እኒያ አባት ስንት ዘመን ሲቆፍሩ ኖረው የተሞረደ ኦፓል በእጃቸው ይዘው አያውቁም! ጥሬው ወጥቶ ህንድ አገር ሄዶ ነው ብዙው የሚቆረጠው፣ ከየት ያያሉ። ወደ ፀሐይ አድርገው አገላበጡት፣ አገላበጡት፣ ከዚያ «ይሄን ነው በግራም ስንሰጥ የኖርነው?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ቀለሙን ለማሳየት ብለው ድንጋዩን በመዶሻ መፈርከስ ተዉ፣ አፈሩን እንደያዘ ያመጡልኛል፣ ጎረቤቶቻቸውንም «እንዳትሰብሩት» ይላሉ። በአንድ መዶሻ ምት ለቀለበት የሚሆነው ለጆሮ ጌጥ ብቻ የሚበቃ ይሆናል፣ ለኔም ለነሱም ኪሳራ ነው።

ወደ ሥራው ስመጣ፣ የኦፓል ጠላት ሙቀት ነው። ሌላ ድንጋይ ለመሞረድ መያዣ እንጨት ላይ የሚጣበቀው በቀለጠ ሰም ነው፣ ኦፓልን በቀዝቃዛ ማጣበቂያ ነው የማጣብቀው። ማሽኑ ደረቁን እንዳይነካው ውሃ ይፈስበታል፣ ውሃ ሲጠጣ ደግሞ ቀለሙ ይጠፋብሃል፤ እየቆረጥክ ያለኸውን አታየውም። ስለዚህ ደረቅ እያለ ቀለሙ የሚያምርበትን ፊት በእርሳስ ምልክት አደርግበታለሁ። ከሻካራው ጎማ ጀምሬ ወደ ለስላሳው፣ ከቁጥር 600 እስከ 3000 (ቁጥሩ ሲጨምር ጎማው ይለሰልሳል)፣ መጨረሻ ላይ ሴሪየም ኦክሳይድ በሚባል ማብለጫ ዱቄት አብለጨልጨዋለሁ። ጭምብል ሁልጊዜ አደርጋለሁ፣ ብናኙ ሳንባ ይጨርሳል። ሠርቼ ስጨርስ ጥላ ውስጥ በወረቀት ጠቅልዬ እተወዋለሁ። ፀሐይ ላይ አላሰጣም፣ ምድጃ አጠገብም አላስጠጋም። ለገዢ የምናገረው ደግሞ ቀለበቱን ዕቃ ስታጥቢ አውልቂ፣ ዘይትና ሽቶ አታስነኪው ነው። ውሃ ከነካውና ቀለሙ ከጠፋ አብሽሪ፣ ይደርቅና ይመለሳል። ዘይት ግን ገብቶ ይቀራል።

ልቆፍር ልሂድ የሚሉኝ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች አሉ። አትሂዱ ነው የምላቸው። ቆፋሪ ሞልቷል፣ ቦታውም የአካባቢው ልጆች እንጀራ ነው። የጎደለው ቆራጭ ነው። እጅህ ትዕግሥት ካለው ቆራጭ ሁን።

የእኒያ ቆፋሪ አባት ልጅ አሁን ከኔ ጋር ደሴ ተቀምጣ ትማራለች። ከኔ ይልቅ ቀለም ትለያለች፣ ያደገችበት ነውና። በቅርቡ የሠራቻቸውን ድንጋዮች አዲስ አበባ ላሉ ወርቅ ሠሪዎች በስሟ ላክን፣ ብሩም በራሷ ሂሳብ ቁጥር ገባ።