የሱሉልታ ማስታወሻ፦ የሞተሬ ንዝረት ከየት ነው የሚመጣው?

የንዝረቱ ምክንያት በመጨረሻ ተገኘ። ሞተር ሳይክሌ ቢኤምደብሊው አር 1150 ጂኤስ ናት። አርጅታለች፣ ግን ለረጅም መንገድ አልቀይራትም። ቆማ ሚኒሞ ላይ ስትሠራ ሰላም ነች። ጋዝ ሰጥቼ በደቂቃ 3,500 ዙር አካባቢ ስደርስ መሪውም የእግር መርገጫውም ይነዝራል፣ 4,500 ሲያልፍ ደግሞ ቀለል ይላል። ለከተማ ምንም አይደል። ዓባይን ተሻግሬ ባሕር ዳር ልሂድ ካልኩ ግን ደብረ ሊባኖስ ሳልደርስ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ።

የሰፈር ሐኪም መቼም አይጠፋም። አንዱ ቤንዚኑ ነው አለ። ሌላው ካንዴላ ቀይር። ሌላው ደግሞ "ከፍታው ነው፣ አየር አጥሯት ነው" ብሎ ደመደመ። እዚህ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆንን አየሩ መሳሳቱ እውነት ነው፣ ጉልበትም ይቀንሳል። ግን የሳሳ አየር ሁለቱንም ሲሊንደር እኩል ነው የሚነካው፤ እኔ ደግሞ የጠረጠርኩት እኩል ያልሆነ ነገር ነው።

ቁልፍ ከማንሳቴ በፊት መንገድ ላይ ሞከርኳት። ሰፈሬ ኮብልስቶን ነው፣ እዛ ላይ ምኑም አይለይም፣ ጥርስህም ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ጭነት መኪናው ሳይበዛ በጠዋት ወደ ጫንጮ በሚወስደው ሜዳ ላይ ወጣሁ። ንዝረቱ ሲመጣ ፍሪሲዮን ይዤ ጋዙን ለቀቅኩ። ፍጥነቱ እንዳለ ሆኖ ዙሩ ወረደ፣ ንዝረቱም አብሮ ጠፋ። ጎማ ወይም ቸርኬ ወይም የኋላ ኩሽኔታ ቢሆን ኖሮ ከፍጥነቱ ጋር ይቀጥል ነበር። ከዛ በአራተኛም በአምስተኛም ማርሽ አየሁት፤ ፍጥነቱ ይለያያል፣ የሚነዝርበት ዙር ግን ያው ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ሞተሩ ውስጥ ወይም ሞተሩ ላይ ነው ማለት ነው። (የኔ በዘንግ ነው የምትነዳው። ባለ ካቴና የሆናችሁ ካቴናውንና ጥርሱንም እዩ።)

የሞተር መያዣ ቡሎኖች ጥብቅ ናቸው። ማርሚታው ሻሲውን አይነካም። ቫልቮቹን ሞተሩ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ ለካሁ፤ ማስገቢያው 0.15፣ ማስወጫው 0.30 ሚሊ ሜትር፣ ልክ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቦክሰር ሞተር፣ ቢኤምደብሊው በፈረንጆቹ 1923 ከወጣው አር 32 ጀምሮ ይዞት የመጣው ዓይነት፣ ግራና ቀኝ የተጋደሙት ሁለቱ ፒስተኖች አብረው ወደ ውጭ ወጥተው አብረው የሚመለሱበት ነው። የአንዱን ግፊት የሌላው ያጠፋዋል። ፊት ለፊት ትክክል ስላልተቀመጡ ትንሽ መወዛወዝ ይቀራል፣ እሱ ተፈጥሮዋ ነው። ይሄ ሁሉ የሚያምረው ግን ሁለቱም ጎን እኩል ሲሠራ ነው። በኔ ሞዴል ለየጎኑ የየራሱ ትሮትል ቦዲ አለው፣ ማለትም አየር የሚከፍተው በር። ከእጀታው የሚመጣው ካቦ መንገድ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ሁለቱ ይሄዳል። አንዱ በር ከሌላው ከዘገየ አንዱ ጎን እየገፋ ሌላው ይጎተታል። ሚኒሞ ላይ ሰላም የሆነችውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ያኔ ሁለቱም በሮች ማቆሚያቸው ላይ ስላረፉ ካቦው ሥራ የለውም።

የሁለቱን ጎን አየር አሳሳብ ለማነጻጸር የሚሸጠው መለኪያ ውድ ነው። እኔ ግንበኞች ውሃ ልክ የሚያዩበትን ግልጽ ቱቦ ከኮንስትራክሽን ዕቃ መሸጫ ገዝቼ ረጅም ጣውላ ላይ አጥፌ አሰርኩት፣ ግማሹን በባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ሞላሁት፣ ሁለቱን ጫፎች ትሮትል ቦዲዎቹ ላይ ካሉት ትንንሽ መሳቢያ ቀዳዳዎች ጋር አገናኘሁ። ውሃ አላደረግኩም፤ ሞተሩ ከሳበው ጣጣ ነው፣ ትንሽ ዘይት ከሆነ ግን አጭሶ ያልፋል። ቱቦውንም ለዚሁ ብላችሁ ረዘም አድርጉት። አፉን በሽቦ ትንሽ ካላጠበባችሁት ደግሞ ዘይቱ ይዘላል፣ ማንበብ አይቻልም። ይቺ ሞተር በአየርና በዘይት ስለምትቀዘቅዝ ቆማ ብዙ መሥራት የለባትም፣ ፊቷ ትልቅ ቬንትሌተር አቆምኩላት።

የጎረቤት ልጅ ቱቦውን እንዲያይ አስቀመጥኩት። ሚኒሞ ላይ እኩል። ትንሽ ጋዝ ስሰጥ "ጋሼ፣ በግራ ወጣ! ወጣ! ኧረ ሊያልቅ ነው!" አለ። አጠፋሁ። ዘይቱ የሚወጣው በደንብ ወደሚስበው ጎን ነው፣ በደንብ የሚስበው ደግሞ በሩ በቅጡ ያልተከፈተው ነው፣ ፒስተኑ አየር አጥሮት ስለሚስብ። ስለዚህ ግራው ይዘገያል።

የግራውን ካቦ ፈትቼ ሳየው ጫፉ ላይ ካሉት ቀጫጭን ክሮች ከፊሎቹ ተበጥሰዋል፣ የቀሩት ተለጥጠዋል። ዕድሜና አቧራ ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም። ለሙከራ ማስተካከያውን አዙሬ ዘይቱን እኩል ሳደርገው ንዝረቱ እዛው ቆማ ጠፋ። በዛ ካቦ ግን አልነዳም። የተበጠሰ ክር ሽፋኑ ውስጥ ተቀርቅሮ ጋዙ ክፍት ከቀረ፣ በተለይ የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ፣ ማሰብም አልፈልግም።

ካቦውን ይዤ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። "እናሠራልሃለን" የሚል ሞልቷል፣ የዚችን ኦሪጅናል ግን እስካሁን ያየ የለም። ከውጭ የሚመጣ ሰው እየጠበቅኩ ነው፤ እጁ ላይ ትርፍ ያለው ካለ ግን ይንገረኝ። ቱቦውን ለመዋስ የፈለገም ይምጣ፣ ዘይቱን ብቻ ይዞ።