አራት መስመር ፓች ያመጣው ጣጣ

ቢሯችን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ሲ ፕላስ ፕላስ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ እንጽፋለን፣ ቢልድ የምናደርገው (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም የምንቀይረው) ኒንጃ በሚባል መሣሪያ ነው። ግን እናንተ የምታወርዱት ኒንጃ አይደለም። የራሳችን ፓች (ኮዱ ላይ የምትጨመር ትንሽ ለውጥ) የተለጠፈበት ነው፣ ሞግዚቱ ደግሞ እኔ ነኝ። ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ «እኛም ፎርክ ልናደርግ ነው፣ ምን ትላለህ?» አለኝ። ፎርክ ማለት የሌላን ሰው ኮድ ወስዶ የራስን ቅጂ መያዝ ነው። ማኪያቶ ይዤ ያወራሁለትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ነገሩን ያመጣው መብራት ነው። የሰርቨሩ ዩፒኤስ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። ቢልድ መሃል ላይ ድርግም ይላል። የጥበቃው ጋሼ ወርደው ጀነሬተር ያስነሳሉ። እንደገና ስናስጀምር ሊንከሩ (ቁርጥራጮቹን ወደ አንድ ፕሮግራም የሚያገጣጥመው) አንዱን ኦብጀክት ፋይል፣ ከአንድ የኮድ ፋይል የሚወጣውን ቁራጭ፣ «ተቆርጧል» ብሎ ይተፋዋል። ስናየው ዜሮ ባይት። ኒንጃን ብትጠይቁት ግን ያ ፋይል ያለቀለት ነው።

ምክንያቱን ለማግኘት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለር «ጨረስኩ» ሲል የጻፈው ነገር ገና ዲስክ ላይ አልወረደም። ሊኑክስ ሚሞሪ ላይ ይዞት 30 ሰከንድ ያህል ሊያቆየው ይችላል። በዚያ መሃል መብራት ከሄደ የፋይሉ ስምና የተሻሻለበት ሰዓት ይተርፋሉ፣ ሆዱ ባዶ ይቀራል። ኒንጃ ደግሞ የሚያየው ሰዓቱን እንጂ መጠኑን አይደለም። ኢቫን ማርቲን ለክሮም ብሎ ሲሠራው የፈለገው ፍጥነት ነበር። አልፈርድበትም፣ የእኛን መብራት አያውቀውም።

ፓቿ አራት መስመር ናት። ፋይሉ ዜሮ ባይት ከሆነ «የለም» በል፣ በቃ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ቢሮው ሁሉ በእኔ ላይ ተነሳ። ምንም ሳይነካ ኒንጃ በተጠራ ቁጥር ግማሹን ቢልድ ከመጀመሪያው ይሠራል። ለምን እንደሚሠራ በራሱ በኒንጃ የማብራሪያ አማራጭ ሳስወጣው ነገሩ ገባኝ። ሆን ተብሎ ባዶ የሚፈጠሩ ፋይሎች አሉን። «ይህ ሥራ ተሠርቷል» ለማለት ብቻ የሚቀመጡ ስታምፖች ናቸው። ፓቼ እነሱንም «የላችሁም» ብሏቸዋል። ስማቸው በነጥብ ኦ የሚያልቀውን (ኦብጀክት ፋይሎቹን) ብቻ እንዲያይ አድርጌ ተገላገልኩ።

ተገላገልኩ ስል ለጊዜው ነው። ያኔ የነበረን ኒንጃ 1.8.2 ነበር። ወደ 1.10 ለመውጣት ሪቤዝ ሳደርግ (ፓቼን አዲሱ ስሪት ላይ መልሼ ስለጥፍ) ኮንፍሊክት፣ የሁለት ለውጥ ግጭት፣ መጣ። 1.9 ላይ ኒንጃ ሰዓትን በናኖ ሰከንድ መያዝ ጀምሯል፣ የተነካው ደግሞ ያው እኔ የነካሁት ቦታ ነው። የኮሚት መልእክቴን (ለውጡን ሳስቀምጥ የጻፍኩትን ማስታወሻ) ከፈትኩ። «ማስተካከያ» ይላል። ሌላ ምንም የለም! የጻፈውን ሰው ልሰድበው አልኩና እኔ ነኝ። አራት መስመር ለማስታወስ ሙሉ ቀን ሄደ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፓች ችግሩ ምን እንደነበር፣ እንዴት እንደሚደገም፣ መቼ መጣል እንዳለበት ይጻፍበታል። መልእክቱ ከኮዱ አምስት እጥፍ ቢረዝም ግድ የለኝም። የኮድ ለውጥ የሚመዘግበው ጊት ደግሞ ሪሪሪ የሚባል አማራጭ አለው፣ አብሩት። አንዴ የፈታችሁትን ኮንፍሊክት አስታውሶ ሲደገም ራሱ ይፈታዋል።

ሌላው ጣጣ፣ የእኛም ኒንጃ ዋናውም ስሪታቸውን ሲጠየቁ አንድ ቁጥር ይናገሩ ነበር። «እኔ ጋ ይሠራል» የሚል ሰው የትኛውን እንደያዘ ራሱም አያውቅም። መፍትሔውን ከኪትዌር ኮረጅኩ። ሲሜክ የሚባለውን የቢልድ መሣሪያ የሚሠሩት ናቸው፣ እነሱም ለዓመታት የራሳቸው የኒንጃ ፎርክ ነበራቸው። ስሪት ቁጥሩ መጨረሻ ላይ የድርጅቱን ስምና የእያንዳንዱን ፓች ስም ይደረድሩ ነበር። ረጅም ነው፣ ያስጠላል፣ ግን ግልጽ ነው። ፎርትራን ለሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሠሩት ፓች 1.10 ላይ ወደ ዋናው ኒንጃ ገብቷል።

ሁለተኛው ፓቻችን ጆብሰርቨር ነበር፣ ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ የሚለቁትን ሥራ ብዛት የሚካፈሉበት። ሜክ የሚባለው ሌላ የቢልድ መሣሪያ ኒንጃን ሲጠራ ሁለቱም በየፊናቸው ስምንት ስምንት ሥራ ይለቁና ማሽኑ ይንፈራፈራል። ይህን ኒንጃ 1.13 ራሱ ይዞት መጣ፣ 2025 ላይ። የሚግባባው በፊፎ (ፕሮግራሞች መልእክት በሚቀባበሉበት ልዩ ፋይል) ስለሆነ ሜክን ወደ 4.4 ማሳደግ ነበረብን እንጂ ፓቹን ያለ ሐዘን ጣልኩት።

የመጀመሪያዋ ግን አንጀቴ ውስጥ ነበረች። አዲስ የመጣች ልጅ ፓቹን አንብባ «ኒንጃ ከመጀመሩ በፊት ባዶ ኦብጀክቶቹን በስክሪፕት ብናጠፋቸውስ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ፋይሉ ከሌለ ኒንጃ ይሠራዋል። ፋይንድ በሚባለው የፋይል መፈለጊያ ትእዛዝ አንድ መስመር ናት። ሁለት ጊዜ ሪቤዝ ያደረግኩት፣ ስታምፕ ያሳደድኩት፣ ለዚህች። አብረን ሞከርነው። ቢልዱን አስጀምረን የሰርቨሩን ገመድ ነቀልን፣ አምስት ጊዜ። አምስቱንም ጊዜ ሠራ።

አሁን ፎርካችን ውስጥ የቀረው ፓች አንድ ብቻ ነው፣ ስሪት ቁጥሩ ላይ «ይህ የተለጠፈበት ኒንጃ ነው» ብሎ የሚጽፈው።