ሲነቀል የሚድን ብልሽት

ሰውየው ለሦስተኛ ጊዜ ሞተር ሳይክላቸውን ይዘው ወደ ጋራዣችን ሲመጡ ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናቸው፤ ከባሕር ዳር እየተነሡ በመራዊ ዙሪያ ከብት ሲከትቡ ይውላሉ። በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ባትሪ ሸጠንላቸዋል።

«ልጄ፣ እናንተ ዘንድ ሲቆም ደኅና ነው። የሚደክመው መንገድ ላይ፣ መብራት ካበራሁ በኋላ ነው» አሉኝ። በመጀመሪያው ቀንም ይህንኑ ብለው ነበር። አልሰማናቸውም።

በቴስተር ለካሁት። ሞተሩ ጠፍቶ 12.7 ቮልት፣ ነዳጅ ስሰጠው 14.2። የማግኔቱን፣ ማለትም ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ክፍል፣ ሶኬት ነቅዬ ሦስቱን ቢጫ ሽቦዎች ሁለት ሁለት እያደረግኩ አየሁ፤ ሁሉም ጥንድ እኩል 60 ቮልት ኤሲ ገደማ ይሰጣል። ወደ ሞተር ሳይክሉ ብረት አካል (ማሳ) የሚያፈስ ሽቦም የለም።

«ማግኔቱ ጤነኛ ነው። ሬጉሌተር ቀይርላቸውና ይሂዱ» አለ አለቃዬ፣ ከወንበሩ ሳይነሣ። ሬጉሌተር ከማግኔቱ የሚመጣውን ኃይል ለባትሪው እንዲስማማ የሚመጥን ዕቃ ነው።

«ጋሼ፣ ቁልፉን ይስጡኝ» አልኩና የፊት መብራቱን አብርቼ ወደ ዓባይ ድልድይ ነዳሁ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ተመልሼ ሞተሩን ሳላጠፋ ስለካ 12.3፤ ነዳጅ ብጨምርም ንቅንቅ አላለም። ሶኬቱን ስነካው ጣቴን ለበለበኝ። ውስጡ አንደኛዋ እግር ጠቁራለች፣ በዙሪያዋ ያለው ፕላስቲክ ቀልጧል።

ሶኬቱን ስንነቅለው የታመመው መጋጠሚያ ራሱ ከምርመራው ይወጣል። ማግኔቱ ብቻውን ሲለካ ሦስቱም መስመር ሙሉ ነው። ተሰክቶ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲያልፍበት ግን የላላችው እግር ትግላለች፤ ስትግል የበለጠ ታግዳለች፤ ስታግድ የባሰ ትግላለች። በመጨረሻ አንዱ መስመር ከሥራ ውጭ ይሆንና የቀሩት ሁለቱ መብራቱንም ባትሪውንም መቀለብ ያቅታቸዋል። ለዚህ ነው አዲስ ባትሪ ሲገባ ለጥቂት ሳምንታት የዳነ የሚመስለው፤ ባትሪው የጎደለውን ኃይል ከራሱ እያወጣ ይሸፍናል።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ሌላ ነው። በፊቱም ሁለት ጊዜ ያንን ሶኬት የነቀልኩት እኔ ነበርኩ። ጥቁረቱን አይቼዋለሁ። ቅባት መስሎኝ በጨርቅ ጠርጌ መልሼ ሰካሁት።

ሶኬቱን ቆርጬ ጣልኩና ሽቦዎቹን አንድ ለአንድ በሊድ በይጄ አያያዝኳቸው። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

«የባትሪዎቹስ ገንዘብ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ባትሪ እኮ አላቂ ዕቃ ነው» አለ አለቃዬ።

እርሳቸው ዝም ብለው የእጅ ዋጋ ከፍለው ሄዱ። እኔ በመጀመሪያ የሸጥንላቸውንና «ሞቷል» ብለን ጥግ የጣልነውን ባትሪ አንሥቼ ቻርጅ ላይ አሳደርኩት። ጠዋት 12.6 አሳየ፤ መብራት ባበራበትም አልወረደም። ከነቴስተሩ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩትና የሰውየውን ስልክ ቁጥር ከመዝገቡ ፈልጌ ደወልኩ።